ሱሉልታ ላይ የቀለጠው

አልተኛሁም፣ እንኳን ዛሬ ትናንትም አልተኛሁ፣ በዚህ አገር በሰኔ ፀሐይዋ መሄጃ ያጣች ይመስል ሰማዩ ላይ ተገትራ ነው የምትውለው የምታመሸው፣ ጥቁሩን መጋረጃ ጠርዝ ለጠርዝ በልብስ መቆንጠጫ አያይዤዋለሁ፣ ቢሆንም ብርሃኑ በስር በኩል ይገባል፣ አልጋዬ እግርጌ ድረስ መጥቶ ይጋደማል። ቅዳሜ ነው፣ ሥራ የለም፣ በጀርባዬ ተኝቼ ስልኩን ደረቴ ላይ አስቀምጫለሁ፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ አልጠራም። እህቴ ጂጂ ሰበታ ሲደርሱ ትደውላለች፣ ስልኳን ሶኬት ላይ ትሰካና ትደውላለች። ከሱሉልታ ተነስቶ እንጦጦን ወርዶ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ በዓለም ገና አድርጎ ሰበታ መግባት በደህናው ቀን እንኳ ያንገላታል፣ ዛሬ ደግሞ ዝናብ ነው ብላኛለች፣ አባባ ያንን እግራቸውን አጥፈው መቀመጥ አይችሉም፣ ታክሲ ውስጥ የት ያደርጉታል፣ ማን ቦታ ይለቅላቸዋል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ፣ ስለ ታክሲ ወንበር አስባለሁ። አባቴ አሁን የሚያስፈልጋቸው ታክሲ አይደለም፣ ሆስፒታል ነው፣ ኦክስጅን ነው፣ አሁኑኑ ካልገቡ ይሞታሉ፣ ይህን ደግሞ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ ካለው ሰው ሁሉ የሚያውቅ የለም፣ የማውቀው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ኖርዌይ፣ ትሮንድሄይም በሚባል ከተማ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜያለሁ።

«ቀለጠ!» ነው ያሉኝ። ዛሬ ከሰዓት፣ ወጥ እያሞቅሁ ነበር፣ የጂጂ ቁጥር መጣ፣ እህቴ ናት ብዬ ሳነሳ አባባ ናቸው፣ ስልክ ሲይዙ ሰላምታቸው ብቻ ወጥ የሚያሳርር ሰው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ አለቃዬ፣ ስለ አለቃዬ ልጆች ሳይቀር የሚጠይቁ ሰው፣ ዛሬ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «ፌኔት፣ ቀለጠ!» «ምኑ አባባ?» «ደሙ ነዋ! ልጁ በመሣሪያው አየው፣ እግርዎት ውስጥ አሁን ምንም አይታየኝም አለኝ፣ ያንቺ መሣሪያ ጨረሰው!» እኔም ሞኟ ሳቅሁ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝና ሳቅሁ፣ ማማሰያውን እንደያዝኩ። ከሳቄ መሀል ነው ትንፋሻቸውን የሰማሁት። ሁለት ቃል ይናገራሉ፣ ይስባሉ፣ ሁለት ቃል ይናገራሉ፣ ይስባሉ። «ለምን ያለከልካሉ አባባ?» «ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃ ወጥቼ።» «አሁን ደረጃ ላይ ነዎት?» «ኧረ ወርደን ታክሲ እየጠበቅን ነው፣ ተቀምጫለሁ፣ ቆየሁ ከተቀመጥኩ፣ የሱሉልታ ብርድ ደረቴ ገባ መሰለኝ፣ ጎኔን ወጋ ያደርገኛል።»  «አባባ፣ ኪኒንዎን እየወሰዱ ነው አይደል?» «የቱን ኪኒን? እሱን ከሰበታው መሣሪያ ወዲህ ተውኩት እኮ፣ ኪኒን ያንቺን መሣሪያ ላላገኘ ሰው ነው።» ያኔ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባኝ። መድኃኒት ባልወሰደ ሰው እግር ውስጥ የረጋ ደም በድንገት ከጠፋ፣ ሰውየውም ተቀምጦ ካለከለከ፣ ደሙ አልቀለጠም፣ ከቦታው ተነስቶ ሄዷል፣ በልብ በኩል አልፎ ሳንባ ውስጥ ተቀርቅሯል። «አባባ፣ አሁኑኑ ሆስ…» አልኩ፣ ስልኩ ተቋረጠ። የጂጂ ባትሪ ነው፣ ስታወራ ውላ ማታ ነው ትዝ የሚላት፣ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። ወጡ አረረ።

ይቀልጣል ያልኳቸው እኔው ነኝ። ሌላ ማን ሊላቸው ይችላል። በገና በዓል ደውዬ፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ፣ አባባ ስልኩን በላውድ አድርገው፣ «ሰው ልጅህ ምን ትሠራለች ሲለኝ ላቦራቶሪ እላለሁ፣ ላቦራቶሪ ማለት ሽንት የምትመረምር ይመስላቸዋል፣ እስቲ ራስሽ ንገሪያቸው» አሉኝ። ነገርኩ። ቀለል አድርጌ፣ እንደ ተረት አሳምሬ፣ ቅዱስ ሥራ አስመስዬ ነገርኩ። ደም ሥር ውስጥ ደም ሲረጋ የሚያቀልጥ መድኃኒት አለ፣ ግን ዝም ብሎ ከተወጋ ሌላ ቦታ ያደማል፣ ስለዚህ እኛ መድኃኒቱን በዓይን በማትታይ የስብ ከረጢት ውስጥ እንዘጋዋለን፣ ከረጢቷ ከደሙ ጋር ስትዞር ቆይታ የረጋው ደም ጋ ስትደርስ ከውጭ በአልትራሳውንድ፣ በድምፅ ማለት ነው፣ እንመታታለን፣ ትከፈታለች፣ መድኃኒቱ እዚያው ይፈሳል። «በምን ዓይነት ድምፅ?» አሉ አባባ። «ጆሮ በማይሰማው።» «ጆሮ ያልሰማውን ደሙ በምን ሰማው?» ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ኦቦ ጃለታ፣ የዕድራችን ሊቀመንበር፣ «መገርሳ፣ ዝም በል አንተ፣ ልጅቱ ታውቃለች» አሉ። «ስቡንስ ቅባት ልበለው?» አሉ አባባ። «እሺ፣ ቅባት በሉት አባባ።» በቃ። ያልነገርኳቸው ነገር ግን ነበር። የምሠራው ሰው ላይ አይደለም። ከቄራ በሚመጣ የበሬ ደም ነው፣ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አርግተን፣ ቱቦውን ውኃ ውስጥ ዘፍቀን ነው። ሰው ጋ ለመድረስ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል፣ ላይደርስም ይችላል፣ ብዙ ነገር ቱቦ ላይ ሠርቶ እዚያው ቀርቷል። ይህን መናገር ምን ይከብድ ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር እኮ፣ ግን ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ፣ አባባ በኩራት ሲያስሉ ስሰማ፣ ለዚህ ቱቦ ነው እናቷ ስትቀበር ያልመጣችው እንዲሉ አልፈለግኩም።

ከዚያ ወዲያ አባባ ይህን ወሬ ያላወሩበት ቦታ የለም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ለቅሶ ቤት፣ ገበያ፣ ተጂ ድረስ ሄደው አውርተዋል፣ ጂጂ ነግራኛለች፣ እየሳቀች ነበር የነገረችኝ። መጋቢት ላይ ተፍኪ ካለው ማሳችን ጤፍ ጭነው ሲመጡ ጋሪው ተገለበጠ፣ ቅልጥማቸው ተሰበረ፣ በጀሶ ታሰሩ፣ ቤት ዋሉ፣ ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር አልጋ፣ እሳቸው ተቀምጠው የማያውቁት። ያንን እግር እኮ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ሜዳው ሁሉ ውኃ ይሆናል፣ መንገዱ ይጠፋል፣ እኔ ትከሻቸው ላይ ነኝ፣ ደብተሬ በፌስታል ተጠቅልሎ አናታቸው ላይ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጭናቸው ሰብስበው ጭቃውን እየረገጡ፣ እግራቸው በገባ ቁጥር ጭቃው አልለቅም ይላል፣ ይነቅሉታል፣ ይገባል፣ ይነቅሉታል፣ እኔ ጆሮአቸውን ይዣለሁ፣ «ጆሮዬን ልቀቂ፣ አልጥልሽም» ይሉኛል፣ አልለቅም፣ ውኃው እያደር ይሞላል፣ እኔ ግን ትምህርት ቤት የምደርሰው ጫማዬ ሳይነካ ነው። ጀሶው ተፈታ፣ እግሩ አበጠ፣ ቀላ፣ ጂጂ ፎቶ ላከችልኝ፣ ፎቶውን አይቼ ወዲያው ነው ያወቅሁት፣ ሳይውል ሳያድር አዲስ አበባ ውሰጃቸው አልኳት፣ ወሰደቻቸው፣ ደም ረግቷል ተባለ፣ ኪኒን ታዘዘ፣ ለወራት የሚዋጥ፣ በየጊዜው ደም እየተቀዳ የሚለካ፣ ጎመን እንዳይበዛ ተባለ፣ ያውም ጾም እየመጣ። እኔም እፎይ አልኩ። እንዴት እፎይ እላለሁ።

ሐኪሙ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እግሩ በአልትራሳውንድ ይታይ ብሎ ነበር፣ ይታይ፣ በቃ ይታይ፣ የደሙ መጠን ቀነሰ ወይስ አልቀነሰም ለማለት። ሰበታ አንድ ክሊኒክ ሄዱ፣ ጂጂ በቁርጥራጭ የነገረችኝን አሁን ነው የምገጣጥመው። አስተኟቸው፣ ጭናቸው ላይ ያንን ቀዝቃዛ፣ የሚያሟልጭ ነገር ቀቡ፣ መሣሪያውን ላይ ታች አዞሩ። አባባ ቀና ብለው አዩ፣ ቅባት አለ፣ መሣሪያ አለ፣ የሚሰማ ድምፅ ደግሞ የለም፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ። «ይህማ የልጄ ሥራ ነው» አሏት የምታያቸውን ልጅ፣ ልጅቷ ሽማግሌ ናቸው ብላ «እሺ አባቴ» አለቻቸው። «ስንት ጊዜ ነው የሚደረገው?» «በየጊዜው ቢታዩ ጥሩ ነው።» ቤት ገብተው እግሬ ቀለለኝ አሉ፣ ኪኒኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ቀጥሎ ቡራዩ፣ ጂጂ እዚያ ስለምትኖር፣ አሁንም አለ ግን ትንሽ ነው ተባሉ፣ እየሠራ ነው አሉ። ከዚያ ሱሉልታ አዲስ መሣሪያ ገባ ሲባል ሰሙ፣ ሦስቱን ከተማ ጠበል እንደሚዞር ሰው ዞሩት፣ እያንዳንዱ ጋ እየተቀቡ፣ ደማቸው ሳይነካ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጂጂ ትደውላለች፣ «አባባ ዛሬም አልትራሳውንድ ተነሱ» ትለኛለች፣ እኔ ላቦራቶሪ ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ ቡናዬን ይዤ፣ «ጎበዝ፣ ጥሩ ነው፣ አታቋርጡ» እላታለሁ። ክትትል መስሎኝ። «ሌላውንም ሁሉ እያደረጋችሁ ነው?» «ሁሉንም እንዳልሽው።» እንዳልሽው። እኔ ምን ብዬ ነበር፣ ኪኒኑስ ብዬ ስሙን ጠርቼ አልጠየቅኩም፣ ሁሉንም አልኩ፣ ሁሉም ውስጥ ያለ መሰለኝ። አሁን ይህን ሳስበው ራሴን እጠላዋለሁ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ስልኩ እንደተቋረጠ ያላደረግኩት የለም። የጂጂ ዝግ ነው። የአባባ ባለ ቁልፍ ስልክ ይጠራል አይነሳም፣ ሰበታ ቤት ትራስ ስር ጥለውት ሄደዋል ማለት ነው። ኦቦ ጃለታ ጋ ደወልኩ፣ የደወሉላቸው ደንበኛ ትላለች ሴትዮዋ፣ ያቺን ድምፅ ከሷ ሌላ ሰው የሌለ እስኪመስለኝ ሰማኋት። የአዲስ አበባ አምቡላንስ ቁጥር ከዚህ አይሠራም፣ አጭር ቁጥር ነው፣ አይወጣም። ወዲያው የእብድ ሥራ ሠራሁ፣ የዚህን አገር የድንገተኛ አደጋ ቁጥር ደወልኩ። የነርሷ ድምፅ ረጋ ያለ ነው፣ «በሽተኛው እያወራ ነው?» አለች፣ ሲያወራ ነበር አልኩ፣ «ትንፋሹስ?» ነገርኳት፣ ሁሉን በትክክል ነገርኳት፣ እግሩን፣ ኪኒኑን፣ የጎኑን ውጋት፣ እሷም ይህ ሳንባ ውስጥ የገባ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ መኪና እልካለሁ፣ አድራሻ ንገሪኝ አለች። ቶሎ መኪና እልካለሁ። አለቀስኩ። «ሰበታ» አልኳት። «የትኛው ወረዳችን ነው?» ፊደል በፊደል ነገርኳት፣ ስትጽፍ የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማኛል፣ ፈለገች፣ ካርታው ላይ አገኘችው መሰለኝ፣ የኪቦርዱ ድምፅ ቆመ። ከዚያ በጣም በትሕትና አዝናለሁ አለችኝ፣ አንቺስ ደህና ነሽ፣ አጠገብሽ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት። የለም።

ላቦራቶሪው ከዚህ በእግር ቅርብ ነው። ፍሪጁ ውስጥ ሐሙስ የሠራሁት ብልቃጥ አለ፣ ወተት መሳይ፣ ባንድ ጠብታ ውስጥ ቆጥረሽ የማትጨርሻቸው ከረጢቶች፣ እያንዳንዳቸው ሆድ ውስጥ መድኃኒት፣ ብልቃጡ ላይ ስም ሳይሆን ቀን ነው የተጻፈው። ሐሙስ ዕለት ሰርተዋል፣ በደንብ ሰርተዋል፣ ቱቦው ውስጥ ጥቁር ቀይ ሆኖ የተቀመጠው ደም መጀመሪያ ጫፉ ሳሳ፣ ከዚያ ክር ክር አለ፣ ከዚያ ውኃው ቀላ፣ አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፣ ያን ቀን አባባ ሱሉልታ ለመሄድ ቀጠሮ እየያዙ ነበር። ብልቃጧን ኪሴ ከትቼ አውሮፕላን ላይ ስወጣ ይታየኛል፣ ስደርስ፣ ምን አድርጌ፣ በምን መርፌ፣ በየትኛው ማሽን፣ ማን ፈቅዶልኝ፣ ሰው ላይ ብትገባ ምን እንደምታደርግ እኔም አላውቅም። የማውቀው ቱቦ ነው። ዓይኔን ስጨፍን ቱቦው ይመጣል፣ ውኃው ውስጥ ተጋድሟል፣ ጠጋ ብዬ ሳየው ፀጉር አለበት፣ ጠባሳ አለበት፣ የአባባ እግር ነው፣ ድምፁን ልልቀቅ እላለሁ፣ ማብሪያው አይገኝም፣ ዓይኔን እገልጣለሁ፣ ብርሃኑ አሁንም እግርጌዬ አለ። ጠራ። ስልኩ ጠራ።

የኦቦ ጃለታ ቁጥር ነው። «ሄሎ፣ ኦቦ ጃለታ፣ አባባ ደረሱ?» «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! አከም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ! ደረሱ እንጂ፣ እዚሁ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፣ ስልኬን ዘግቼ ቆይቼ ነው፣ ቤቱ ሞልቷል፣ ሁሉም ይሰማሻል፣ ቆይ ላውድ ላድርገው።» ጫጫታው ገባ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንበር ተንቋቋ፣ ጂጂ ከሩቅ «ፌኒ!» ትላለች፣ ድምፅዋ ደስ ብሎታል። «ኦቦ ጃለታ፣ አንዴ ይስሙኝ» እላለሁ፣ አይሰሙኝም፣ ምርቃት ጀምረዋል፣ ምርቃት ከተጀመረ አይቋረጥም። «አባትሽን ያዳንሽ፣ ዋቃ አንቺን ያድንሽ!» «ሃ ታኡ፣ ይሁን!» ይላል ቤቱ። «እጅሽ የነካው ይዳን!» «ሃ ታኡ!» «ባሕር ማዶ ያለሽ፣ በደህና ለቤትሽ ያብቃሽ!» «አሜን! ሃ ታኡ!» ከዚያ አባባ፣ «ቆይ ጃለታ፣ እኔ ልመርቃት፣ ልጄ ናት» አሉ።  «ሆሪ» አሉ። ሳቡ። «ቡሊ» አሉ፣ ርቢ፣ ኑሪ ማለታቸው ነው። ሳቡ፣ ውስጡ አንድ ነገር ያፏጫል። «እንደ ስምሽ» አሉ፣ ሌላው ቃል አልወጣ አላቸው፣ ሰዉ ግን እንባ ይዟቸው ነው ብሎ አሰበ፣ አንዲት ሴት «ዋይ፣ አባት» ስትል ሰማኋት። እኔ ግን እንባን አውቃለሁ፣ ይህ እንባ አይደለም።

«አልዳኑም!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቴ ግድግዳውን መታ። «አባባ አልዳኑም! አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷቸው! ደሙ አልቀለጠም፣ ሳንባቸው ውስጥ ገብቷል፣ ትንፋሻቸውን አትሰሙም እንዴ!» ኦቦ ጃለታ «ምን አልሽ?» አሉ። «ሱሉልታ አይታይም ብለዋቸው የለም እንዴ፣ በሦስት ቦታ በመሣሪያሽ ተደርጎላቸው።» «የኔ መሣሪያ አይደለም። እሱ ማያ ነው፣ ያሳያል እንጂ አያድንም። የኔ ሥራ ሰው ነክቶ አያውቅም፣ ኦቦ ጃለታ፣ እኔ ሰው አድኜ አላውቅም፣ አንድም ሰው። የበሬ ደም ላይ ነው የምሠራው፣ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ።»  ጣራው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እሰማለሁ፣ የሰበታ ቆርቆሮ፣ የሰኔ ዝናብ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ድምፅዋን አላወቅሁትም፣ «ታዲያ በገና ምን ስትለን ነበር?» አለች። ጥያቄው ልክ ነው። አፌን ከፈትኩ። ከእኔ በፊት አባባ መለሱ፤ «እሷ አላለችም። ቱቦ ነው ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ» ሳቡ፣ «እኔ ነኝ ያጣመምኩት። ልጄን እንዳትነኳት።» መቼ አልኳቸው፣ ቱቦ የሚለውን ቃል ከእኔ አፍ የሰሙት ገና አሁን ነው፣ ከሰው ሁሉ ጋር አብረው ነው የሰሙት፣ ያችን ያለቻቸውን ትንሽ ትንፋሽ ለእኔ ዋሹባት። አላልኳቸውም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «ውሰዷቸው» ብቻ አልኩ፣ «እባካችሁ፣ ውሰዷቸው።»

ወደ አዲስ አበባ ወሰዷቸው፣ የጎረቤታችን የሞቲ ሚኒባስ ነው፣ ወንበር ነቅለው አስተኟቸው፣ የኦቦ ጃለታን ስልክ ጂጂ ይዛለች፣ አትዝጊው ብያታለሁ፣ አትዝጊው ጂጂ፣ የምለው ባይኖረኝም አትዝጊው። ቀና አድርገሽ ያዣቸው፣ አንገታቸው አይታጠፍ፣ መስኮት ክፈቱ እላለሁ፣ እሺ እሺ ትላለች፣ ታለቅሳለች፣ «እኔ እኮ አንቺ ያልሽው ነው ብዬ ነው ፌኒ» ትላለች፣ አውቃለሁ እላታለሁ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ዓለም ገና ላይ መንገዱ ተዘግቷል፣ ጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቶ ተንሸራቷል፣ ሞቲ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ሁሉም ይነፋል፣ ማንም ለማንም አይለቅም። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ አንድ ጫማ አድርጌያለሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የት ልሄድ ነው። «ስልኩን ስጪኝ» ሲሉ ሰማሁ። አባባ ናቸው። «አይናገሩ አባባ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ።» «ፌኔት።» «አቤት።» «ቱቦው ላይ ግን» አሉ፣ ጠበቅኋቸው፣ ረጅም ጊዜ ጠበቅኋቸው፣ «ይቀልጣል?» «ይቀልጣል አባባ። ሐሙስ ዕለት በዓይኔ አይቻለሁ። ሙልጭ ብሎ ነው የቀለጠው።» «እንግዲያው» አሉ። «እንግዲያው፣ ለሰው ያወራሁት፣ ሁሉም ውሸት አልነበረም።» «አልነበረም አባባ። አልነበረም።»

ከዚያ የጥሩምባው ጩኸት ብቻ ነው የሚሰማኝ፣ ዝናቡም። «ጂጂ?» አልኩ። አልመለሰችም፣ ለካ ዝቅ ብላ እያየቻቸው ነው። ተመለሰች፣ ለቅሶዋን ትታለች፣ ሰው እንዳይቀሰቀስ እንደሚጠነቀቅ ሰው በሹክሹክታ ነው የምታወራው። «ፌኒ፣ ማለክለኩ ቆመላቸው። ፊታቸውም ረጋ አለ። ተኙ መሰለኝ፣ ዓይናቸውን ግማሽ ጨፍነው ተኝተዋል፣ አትጩሂ አሁን፣ ይረፉ» አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። ምን ብዬ ልንገራት።